ስለ ትንንሽ የብረት ክዳኖች የታሪፍ ምደባ

በዚህ ዓምድ ዕቃ ማስመጣትንና የጉምሩክ ሥነ ሥርዓትን የሚመለከቱ የአንባቢያን ጥያቄዎች ይስተናገዳሉ። በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ሦስት ጥያቄዎች ተቀራራቢ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ብዙ ነጥቦችን ስለሚያነሣ መልሱም ከሌሎቹ ረዝሟል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የግንባታና የቧንቧ ዕቃ የምነግድ ነኝ። ከውጭ ካስመጣሁት ጭነት ውስጥ አንዱ ዕቃ በኢንቮይሱ ላይ በአንድ መስመር ብቻ «አነስተኛ የብረት ካፕ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። በካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ግን ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በውስጡ ክር ያለውና የጋልቫናይዝድ የውኃ ቱቦ ጫፍ የሚዘጋ ነው። ሁለተኛው ከላሜራ ተጨፍልቆ የተሠራና በአጥር ቱቦላሬ አናት ላይ የሚገጠም ነው። ሦስተኛው አናቱ ድፍን የሆነና በቡሎን ጫፍ ላይ የሚጠብቅ ዳዶ ነው። የጉምሩክ አስተላላፊዬ ሁሉንም በ8309.90 አስመዘገበ፤ ዕቃውን የፈተሸው ባለሙያ ደግሞ ሁሉንም ወደ 7326.90 ስላዛወረው ጭነቱ ሳይለቀቅ ቆየ። ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው ነው? ለሚቀጥለው ጭነትስ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዕቃው በገለጹልን ዓይነት ከሆነ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱም ለጭነቱ በሙሉ አይሠራም። በካርቶኖቹ ውስጥ ያሉት ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ለየብቻ መመደብ ነበረባቸው። በእኛ አስተያየት ክር ያለው የቱቦ መዝጊያ በታሪፍ ቁጥር 73.07፣ ድፍኑ ዳዶ በ73.18 ይመደባሉ። ፈታሹ የመረጠው 73.26 ሊሠራ የሚችለው ለአጥሩ ክዳን ብቻ ነው፤ በእርሱም ላይ ቢሆን ክርክር ሊነሣ ይችላል። አስተላላፊው የመረጠው 83.09 ግን ለሦስቱም አይሆንም።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከሥርዓቱ አሠራር መነሣት ያስፈልጋል። የአገራችን የታሪፍ መጽሐፍ የቆመው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ባዘጋጀውና እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሃርሞናይዝድ ሲስተም በሚባለው የዕቃዎች አመዳደብ ላይ ነው። ይህን አመዳደብ ከ200 በላይ አገሮችና የኢኮኖሚ ክልሎች ይሠሩበታል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሁሉም ዘንድ አንድ ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የሚከተሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይወስናል፤ በእኛ ዘንድ ቁጥሩ ስምንት አኃዝ አለው። ስለዚህ ላኪው ድርጅት በኢንቮይሱ ላይ ባለ አሥር አኃዝ ኮድ ጽፎ ቢልክልዎት የመጨረሻዎቹ አኃዞች ለእኛ ጉምሩክ ምንም አይናገሩም። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱም ቢሆኑ የላኪውን አስተያየት የሚያሳዩ እንጂ መርማሪውን የሚያስገድዱ አይደሉም።

ምደባው የሚመራው በስድስት አጠቃላይ የአተረጓጎም ደንቦች ሲሆን፣ የብዙ አለመግባባት መፍትሔ የሚገኘው በመጀመሪያው ውስጥ ነው። ይህ ደንብ የክፍሎችና የምዕራፎች ርዕሶች ለማመልከቻነት ብቻ የተቀመጡ መሆናቸውን፣ ዕቃው የሚመደበው ግን በታሪፍ ቁጥሩ ቃልና በክፍሉና በምዕራፉ ማስታወሻዎች መሠረት መሆኑን ይደነግጋል። አንድን ዕቃ ለመመደብ በመጽሐፉ ውስጥ ስሙን ፈልጎ ስሙ በተገኘበት መስመር ላይ ማቆም አይበቃም፤ ስሙ ያለበትን ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ማንበብና ከማስታወሻዎቹ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። አስተላላፊዎ የቀረባቸው ይህ ሁለተኛው ሥራ ይመስለናል።

በ83.09 ሥር የሚመደቡት ከወርቅ፣ ከብርና ከመሰሎቻቸው ውጭ ካለ ከማንኛውም ብረታ ብረት የተሠሩ መወተፊያዎች፣ ቆቦችና ክዳኖች፣ ቆርኪና በክር የሚዘጉ ክዳኖች፣ የጠርሙስ አንገት መሸፈኛዎች፣ ክር ያላቸው የበርሜል መዝጊያዎች፣ ማኅተሞች፣ እንዲሁም ሌሎች የማሸጊያ ተጓዳኝ ዕቃዎች ናቸው። ዝርዝሩን የሚዘጋው «ሌሎች የማሸጊያ ተጓዳኝ ዕቃዎች» የሚለው ሐረግ ነው። «ሌሎች» የተባለው ከፊቱ የተዘረዘሩትም የማሸጊያ ተጓዳኞች ስለሆኑ ነው። እንግዲህ በዚህ ቁጥር የሚገባው ክዳን ጠርሙስን፣ ጣሳን፣ በርሜልን ወይም ሌላ የዕቃ መያዣን የሚዘጋ መሆን አለበት። የዘይት በርሜል መዝጊያ ይገባል፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳንም ይገባል። በግድግዳ ውስጥ የሚቀበር የውኃ ቱቦ ግን ማሸጊያ አይደለም፤ የአጥር ቋሚና ቡሎንም እንደዚሁ። የሦስቱም ዕቃዎችዎ ከ83.09 መውጣት በዚህ ይወሰናል።

ወደ መጀመሪያው ዕቃ እንለፍ። የታሪፍ ቁጥር 73.07 ከብረት ወይም ከአረብ ብረት የተሠሩ የቱቦ መገጣጠሚያዎችን ይይዛል። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያወጣው ማብራሪያ ማስታወሻ ሁለት ቱቦዎችን የሚያያይዙትን ብቻ ሳይሆን ቱቦን ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚያገናኙትንና የቱቦን አፍ የሚዘጉትንም በዚህ ውስጥ ይጨምራል፤ ኤልቦን፣ ቲን፣ ኒፕልንና ዩኒየንን ከካፕና ከፕላግ ጋር አብሮ ይዘረዝራል። የእርስዎ ካፕ በክሩ ከቱቦው ጋር ተዋውጦ የውኃውን ግፊት የሚቋቋም በመሆኑ የቱቦው መሥመር አካል ሆኗል። በዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር አይታየንም።

የሚቀረው ንዑስ ቁጥሩ፣ ማለትም ባለ ስድስት አኃዙ ቁጥር ነው፤ ብዙ አስመጪ የሚደናቀፈውም እዚህ ላይ ነው። በ73.07 ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቃው ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ መሆን አለመሆኑ ነው። ከፈሰሰና ብረቱ መዶሻ ሲያርፍበት እንደ ሸክላ የሚሰበረው፣ ሙያተኞች ጊዛ የሚሉት ዓይነት ከሆነ፣ 7307.11 ይሆናል። ከፈሰሰ በኋላ ለረጅም ጊዜ በእሳት ታክሞ ስብራትን እንዲችል የተደረገው፣ በእንግሊዝኛው አጠራር ማሊየብል የሚባለው፣ በ7307.19 ይመደባል። በገበያችን የምናየው ክር ያለውና ዚንክ የተቀባው የውኃ ቱቦ መገጣጠሚያ አብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ የተሠራበት ደረጃም ብዙ ጊዜ አይኤስኦ 49 ተብሎ በፋብሪካው ሰነድ ላይ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ በእጅዎ ካለ የብረቱን ዓይነት ማስረዳት አይቸግርዎትም። ዚንኩ በበኩሉ ዝገት ለመከላከል የተቀባ ልባስ ስለሆነ ዕቃውን ወደ ሌላ ምዕራፍ አይወስደውም።

ካፑ ያልፈሰሰ፣ ይልቁንም ከአረብ ብረት ዘንግ በቶርኖ ተቀርጾ ወይም ተቀጥቅጦ የወጣ ከሆነ ግን ከፈሰሱት ንዑስ ቁጥሮች ይወጣል። ስቴይንለስ ስቲል ከሆነ በ7307.29፣ ካልሆነ ደግሞ በ7307.99 ያርፋል። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ክር ላላቸው ኤልቦዎችና እጅጌዎች (ቱቦን ከቱቦ የሚያያይዙ አጫጭር መገጣጠሚያዎች) የተለየ ንዑስ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ስቴይንለስ ላልሆኑት 7307.92 ነው። ካፕ ግን ክር ቢኖረውም ኤልቦም እጅጌም ስላልሆነ ከእነርሱ ጋር አይሄድም፤ «ሌሎች» ወደሚለው ይወርዳል። በብየዳ የሚገጠም ካፕ ደግሞ በ7307.93 የተለየ ቦታ አለው። ስቴይንለስ መሆን አለመሆኑን በማግኔት ለመለየት የሚሞክሩ አሉ፤ ሕጉ የሚያውቀው ግን የኬሚካል ይዘቱን ነው። ካርቦኑ በክብደት ከ1.2 በመቶ ያልበለጠ፣ ክሮሙ ደግሞ ከ10.5 በመቶ ያላነሰ መሆን አለበት።

ድፍኑ ዳዶ አጭር መልስ አለው። የታሪፍ ቁጥር 73.18 ቡሎንን፣ ብሎኑን የሚያጠብቀውን ዳዶ፣ ሮንዴላንና የመሳሰሉትን ይይዛል፤ ማብራሪያው ዳዶዎች ብዙውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ክር ያላቸው ቢሆኑም አንዳንዶቹ አንድ ወገናቸው ድፍን ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። አናቱ የተዘጋው የቡሎኑን ጫፍ ከዝገት ለመጠበቅና ለማየትም እንዲያምር ነው፤ ሥራው ግን ማጥበቅ ነው። ስለዚህ 7318.16 ነው። አቅራቢው ካፕ ብሎ መሸጡ ይህን አይለውጠውም።

የሚከብደው የአጥሩ ክዳን ነው። አንድ ሰው «ቱቦላሬም ቱቦ ነው፤ ክዳኑም አፉን ይዘጋል፤ ስለዚህ 73.07 ነው» ብሎ ቢከራከር ከንቱ ነገር ተናገረ አይባልም፤ ከላይ የጠቀስነው ማብራሪያ የቱቦን አፍ የሚዘጉትን በግልጽ ስለሚጨምር። ሆኖም ያው ማብራሪያ ከቱቦው የውስጥ ባዶ ጋር አንድ አካል ሆነው የማያገለግሉትን ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ቱቦ ማንጠልጠያዎችንና ማሠሪያዎችን፣ ከዚህ ቁጥር ያስወጣል። የእርስዎ ክዳን ክር የለውም፤ የሚያልፍበት ፈሳሽ ወይም አየር፣ የሚቋቋመውም ግፊት የለም። በመዶሻ ተመትቶ ወይም በነጥብ ብየዳ ተይዞ ዝናቡ ወደ ቋሚው ውስጥ እንዳይወርድ ይከለክላል፤ ለመልክም ይጠቅማል። በዚህ ምክንያት እኛ ወደ 73.26 እናደላለን። ከተጨፈለቀ በኋላ ቀለም ወይም ዚንክ የተቀባ ከሆነም ንዑስ ቁጥሩ 7326.90 ይሆናል። ከላሜራ ሳይሆን ቀልጦ የፈሰሰ ጌጠኛ የአጥር ጉልላት ቢሆን ኖሮ ግን 73.26 ሳይሆን የፈሰሱ ልዩ ልዩ ዕቃዎችን የሚይዘው 73.25 ይመለከተው ነበር። ተመሳሳዩ ክዳን ለወንበርና ለጠረጴዛ እግር ተብሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ለቤት ዕቃ የሚሆኑ የብረታ ብረት መግጠሚያዎችን በሚይዘው በ83.02 መታየት አለበት። ስለዚህ ለዚህ ዕቃ አጠቃቀሙን የሚያሳይ የአምራቹ ካታሎግ ከምንም በላይ ያስፈልጋል።

ስለ 73.26 አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ቁጥር «ሌሎች የብረት ወይም የአረብ ብረት ዕቃዎች» የሚል ነው። የሚደረስበት ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ቦታ ከታጣ በኋላ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ በሰነዱ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን መርማሪው ወደዚህ ቁጥር መሄዱ አያስገርምም፤ በአንድ መስመር «አነስተኛ የብረት ካፕ» የሚል ኢንቮይስ ቀርቦለት ሌላ ምን ያደርጋል? ሦስቱ ዕቃዎች በአንድ ላይ ስለመጡ በአንድ ቁጥር ይመደቡ የሚለው ሐሳብም አያስኬድም። በሦስተኛው ደንብ መሠረት የተለያዩ ዕቃዎች እንደ አንድ ስብስብ የሚቆጠሩት ለችርቻሮ ሽያጭ በአንድነት ተዘጋጅተው አንድን የተወሰነ ፍላጎት የሚያሟሉ ሲሆኑ ነው፤ በአንድ ኮንቴይነር ወይም በአንድ ካርቶን መጫናቸው ብቻ ስብስብ አያሰኛቸውም።

የቁጥር ስሕተት በገንዘብ ሲታይ ከሚታሰበው በላይ ያድጋል፤ ቀረጡ በኋላ የሚሰሉት ታክሶች መሠረት ውስጥ ስለሚገባ ነው። ለማሳያ ያህል የጭነቱ ዋጋ መድንንና ማጓጓዣን ጨምሮ 100,000 ብር ነው እንበል፤ አንዱ ቁጥር 10 በመቶ፣ ሌላው 30 በመቶ ቀረጥ ቢኖረውስ? እነዚህ መጣኔዎች ለስሌቱ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በመጀመሪያው ቀረጡ 10,000 ብር፣ በ110,000 ብር ላይ የሚሰላው የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 16,500 ብር፣ በ126,500 ብር ላይ የሚሰላው የ10 በመቶ ሱር ታክስ 12,650 ብር ሲሆን ድምሩ 39,150 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ቀረጡ 30,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 19,500፣ ሱር ታክሱ 14,950 ሆኖ ድምሩ 64,450 ብር ይደርሳል። በቀረጥ ብቻ 20,000 ብር የነበረው ልዩነት 25,300 ብር ሆነ ማለት ነው። በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ የሚሰሉት ሌሎች ክፍያዎች በሁለቱም ስለማይለወጡ ትተናቸዋል።

ለሚቀጥለው ጭነት የምንመክርዎት ከማዘዝዎ በፊት የሚጀመር ነው። አቅራቢው ሦስቱን ዕቃዎች በሦስት መስመር፣ የእያንዳንዱን ብዛት፣ ክብደትና ዋጋ ለይቶ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። በገለጻው ውስጥ ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ፈስሶ፣ ተቀጥቅጦ ወይም ከላሜራ ተጨፍልቆ መሠራቱ፣ ክር ያለው መሆኑና መለኪያው፣ የተቀባው ልባስ፣ በመጨረሻም ምን ላይ እንደሚገጠም ይግባ። የማሸጊያ ዝርዝሩም ከዚሁ ጋር አንድ ይሁን፤ ካርቶኖቹ በሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም በሌላ ጣቢያ ሲከፈቱ ፈታሹ የሚያመሳክረው ከእርሱ ጋር ስለሆነ። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ናሙና ቀድሞ በእጅዎ መኖሩም አይጎዳም። ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ መግለጫ፣ በዲክላራሲዮኑ ላይም ሦስቱ በሦስት የተለያዩ የዕቃ መስመሮች ይመዝገቡ። አስተላላፊዎን ማመን ጥሩ ነው፤ ግን ዕቃውን አይተው የማያውቁ ከሆነ ቁጥሩን ከየት ሊያመጡት ይችላሉ? ናሙናውን ለእርሳቸው ያሳዩዋቸው።

የአጥሩን ክዳን በተደጋጋሚ የሚያስመጡት ከሆነ ጭነቱ ከመምጣቱ በፊት ለጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ አመልክተው የታሪፍ ቅድመ ውሳኔ መጠየቅ ይሻላል። ከማመልከቻው ጋር ናሙና፣ ሥዕልና የአምራቹ መግለጫ ይያያዛሉ። ጥያቄው የሚከብደው ለዚህ ዕቃ ስለሆነ ለዳዶውና ለቱቦው ካፕ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግዎትም። አሁን ባለው ጭነት ላይ የተሰጠውን ምደባ ካልተቀበሉት ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ጠይቀው በሕጉ በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ አቤቱታ ያቅርቡ። አቤቱታው «ቀረጡ በዛብኝ» በሚል ሳይሆን ከላይ እንዳሳየነው በታሪፍ ቁጥሩ ቃል፣ በማስታወሻዎቹና በዕቃው ማስረጃ ላይ የቆመ ይሁን። ዕቃው በአንዱ ቁጥር ተለቆ ቢወጣ እንኳ ነገሩ አልቋል ብለው ሰነዶቹን አይጣሉ፤ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና እርሱን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1160/2011 ማዕቀፍ ውስጥ ድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት የሚባል ምርመራ ስላለ ልዩነት ከተገኘ ኋላ ሊጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከጫጫ ከተማ ነው የምጽፈው። ከሽርካዎቼ ጋር አነስተኛ የመጠጥ ማምረቻ ለማቋቋም እየተዘጋጀን ነው። የጠርሙስ ቆርኪ ተሠርቶ ያለቀውን ከማስመጣት ይልቅ የእኛ ምልክት የታተመበትን ቆርቆሮ በሉሕ አስመጥተን እዚህ ብንጨፈልቀው እንደ ጥሬ ዕቃ ይታይልናል ወይ? አንዱ ሽርካዬ «የታተመበት እስከሆነ ድረስ ቆርኪ ነው ይሉናል» ብሎ ያስፈራራናል።

መልስ፦ ያለቀለት ቆርኪ 8309.10 መሆኑ ግልጽ ነው። የዳሸንና የሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች በሚሠሩባት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ሆነው ስለ ቆርኪ ብዙ ማስረዳት አይኖርብንም። በውስጡ የተለጠፈው የፕላስቲክ ሽፋን ዕቃውን የፕላስቲክ አያደርገውም፤ 83.09 ከብረቱ ጋር ተጣምረው ለማሸግ የሚያገለግሉ የጎማ፣ የፕላስቲክ ወይም የቡሽ ክፍሎች ያሉባቸውን ክዳኖችም ይቀበላል። ቆርኪን እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ዊሊያም ፔንተር ራሱ በብረቱ ውስጥ ያደረገው የቡሽ ሽፋን ነበር፤ ዛሬ ቡሹ በፕላስቲክ ተተክቷል።

የሽርካዎ ሥጋት መነሻ ሁለተኛው ደንብ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ደንብ ያላለቀ ዕቃ የተጠናቀቀውን ዕቃ ዋነኛ ባሕርይ ከያዘ እንደ ተጠናቀቀው እንዲመደብ ያዝዛል። ስለዚህ ጥርሱ ወጥቶ የፕላስቲክ ሽፋኑ ብቻ የቀረውን ቆርኪ ብታስመጡ ያለ ጥርጥር 8309.10 ነው። ሉሕ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ምልክቱ በክብ በክብ ተደርድሮ ቢታተምበትም ገና ጠፍጣፋ ሉሕ ነው፤ የቆርኪ ቅርጽ የለውም። በምዕራፍ 72 ማስታወሻ መሠረት ጠፍጣፋ ሆነው የተዳመጡ ብረቶች ቅርጻቸው አራት ማዕዘን ባይሆንም እንኳ የሌላ ታሪፍ ቁጥር ዕቃ ባሕርይ እስካልያዙ ድረስ በዚያው ምዕራፍ ይቆያሉ፤ ገጽ ላይ የታተመ ጽሑፍና ቀለምም ከምዕራፉ አያስወጣቸውም። ስለዚህ ስፋቱ 600 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በ72.10፣ ከዚያ ካነሰ በ72.12 ይመደባል።

ንዑስ ቁጥሩን ለመወሰን ሉሑ የተለበሰው በቆርቆሮ ማዕድን (በቲን) ነው ወይስ በክሮም የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለቆርኪ ሁለቱም ስለሚያገለግሉ ነጋዴው «ቲንፕሌት» ብሎ የሚጠራው ሁሉ ቲን የተለበሰ ላይሆን ይችላል። ከ0.5 ሚሊ ሜትር የቀጠነና ቲን የተለበሰው ሰፊ ሉሕ 7210.12 ሲሆን፣ በክሮምና በክሮም ኦክሳይድ የተለበሰው 7210.50 ነው። በላዩ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከተቀባ ንዑስ ቁጥሩ ሊለወጥ ስለሚችል የብረት ፋብሪካውን ሰርተፍኬትና የአታሚውን መግለጫ ሁለቱንም ያያይዙ። ለአምራቾች ጥሬ ዕቃ የሚሰጠውን የቀረጥ ቅናሽ በሚመለከት ደግሞ ጥያቄው ከምደባው የተለየ ነው፤ መጀመሪያ ቁጥሩ ይታወቃል፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በቅናሹ ዝርዝር ውስጥ መኖሩና ድርጅቱ መብቱን የሚያገኝበት ፈቃድ ያለው መሆኑ ይታያል። ቅናሽ ለማግኘት ሲባል ቁጥሩን መምረጥ ግን ቅደም ተከተሉን የገለበጠ አሠራር ነው።

ስለ አረቄ ጠርሙስ ደግሞ አንድ ነገር ለማስታወስ ያህል፣ በክር የሚዘጋው ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ይሠራል። ይህም ሆኖ ወደ አሉሚኒየም ምዕራፍ አይሄድም፤ 83.09 የሚጠይቀው ብረታ ብረት መሆኑን እንጂ ብረት መሆኑን ስላልሆነ በ8309.90 ይመደባል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ 3923.50 ነው። ጠርሙሱ በመጠጥ ተሞልቶና ተከድኖ ከመጣ ግን ክዳኑ ለብቻው አይመደብም፤ በአምስተኛው ደንብ መሠረት መጠጡን ይከተላል።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ለአይሱዙ የጭነት መኪና ጎማ መሐል የሚገጠመውን ትንሽ የብረት ክዳንና የጎማ ዳዶዎችን አብሬ ላስመጣ ነው። ሁለቱም ለአይሱዙ ብቻ የሚያገለግሉ ስለሆነ ሁለቱንም የመኪና መለዋወጫ ብዬ ባስመዘግብ ስሕተት ይኖረዋል?

መልስ፦ ክዳኑን በሚመለከት አይኖረውም፤ ዳዶዎቹን በሚመለከት ግን ይኖረዋል። የመኪና ክፍሎችን የሚይዘው ክፍል 17 በማስታወሻው ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚውሉ የብረታ ብረት ክፍሎችን ያስወጣል። እነዚህ ክፍሎች ደግሞ በክፍል 15 ሁለተኛ ማስታወሻ ውስጥ በታሪፍ ቁጥራቸው ተዘርዝረዋል፤ 73.07 እና 73.18 በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ዳዶው የአይሱዙ መለኪያ ያለው፣ በአይሱዙ ካርቶን የታሸገና ለሌላ መኪና የማይሆን ቢሆን እንኳ በ7318.16 ይቀራል። የጎማው መሐል ክዳን ግን በዚያ ዝርዝር ካሉት ዕቃዎች አንዱ አይደለም፤ ማሸጊያም ስላልሆነ 83.09 አይመለከተውም፤ ለተሽከርካሪ ጎማ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ የጎማ መንኮራኩሮችንና ክፍሎቻቸውን በሚይዘው በ8708.70 ይመደባል። ሁለቱን በኢንቮይሱም በዲክላራሲዮኑም ለየብቻ ያስጽፉ፤ ለክዳኑ የመኪናውን ሞዴልና የመለዋወጫ ቁጥሩን፣ ለዳዶው ደግሞ የክሩን መለኪያና የብረቱን ዓይነት ያክሉበት።